ቡጢው ለምን ወደ ወገብ ይመለሳል? የማርሻል አርት ቴክኒኮችን ምክንያት ስለ መረዳት

(በስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ንግግሬን በአንድ ጥያቄና በአንድ ቅጣት እጀምራለሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አቅራቢያ በነበረ አዳራሽ ካራቴ እማር ነበር። አርባ የምንሆን ልጆች በሰልፍ ቆመን፣ በቁጥር እየተጠራልን፣ ቀኝ ቡጢያችንን ወደ ፊት ስንሰነዝር ግራ ቡጢያችንን ወደ ወገባችን እንስባለን፤ ግራውን ስንሰነዝር ደግሞ ቀኙን እንስባለን። አንድ ምሽት እጄን አወጣሁና «አንዱ እጃችን ሲመታ ሌላው ወገባችን ላይ ከተቀመጠ ፊታችንን ማን ይጠብቅልናል?» ብዬ ጠየቅሁ። አሠልጣኛችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱኝና «አምሳ ፑሽ አፕ» አሉኝ። ሠራሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ አዳራሽ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

በዚያ ቅጣት አልተቀየምሁም፤ ዘመኑም፣ የአሠለጣጠኑም ወግ እንዲያ ነበርና። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ እኔው አሠልጣኝ ሆኜ በሰልፍ ፊት በቆምሁበት ቀን አንድ ልጅ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። እኔም ያንኑ ቅጣት ሰጠሁት። ፑሽ አፑን ሲሠራ ቁልቁል እያየሁት ሳለ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ ልጁን የቀጣሁት ሥርዓት ስለ ጣሰ አልነበረም፣ መልሱን ስለማላውቅ ነበር። ምናልባት የእኔም መምህር አያውቁት ይሆናል የሚለው ሐሳብ የመጣልኝም ያን ጊዜ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ማንኛውም የማርሻል አርት ቴክኒክ በአንድ ወቅት አንድ ሰው ለገጠመው ችግር የሰጠው መልስ ነው። መልሱ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ጥያቄው ብዙ ጊዜ በመንገድ ይቀራል። ጥያቄው የጠፋበት መልስ ደግሞ ወይ ባዶ አቋም ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ሰውን ይጎዳል። ስለዚህ የመምህር ሥራ እንቅስቃሴውን ማስተላለፍ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን ፈልጎ ወደ ቦታው መመለስ ነው።

አንድ፦ ካኖ የጠየቀው ጥያቄ

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ በ1860 ተወልዶ በ1938 ያረፈ፣ ሙያው መምህርነት የሆነ ሰው ነው። ለረጅም ዓመታት በቶኪዮ የከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር፤ በ1909 ደግሞ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆኗል። በወጣትነቱ ግን ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ደቃቃ ነበር። በጉልበተኞች መጠቃት ስለ ሰለቸው ጁጁትሱ የተባለውን የቀድሞ የጃፓን የትግል ጥበብ ለመማር ቆረጠ፤ በ1877 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለም ፉኩዳ ሐቺኖሱኬ የተባሉ መምህር አገኘ።

ካኖ ስለዚያ ዘመን ከተወው ትዝታ ለርእሳችን የሚጠቅም አንድ ገጠመኝ አለ። መምህሩ አንድ ቀን ጣሉት። ካኖ ተነሥቶ እጅ በየት በኩል እንደሚገባ፣ እግር እንዴት እንደሚቀመጥ ጠየቀ። መምህሩ «ና» ብለው እንደገና ጣሉት። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግመው ጣሉት። ነገሩ ሦስት ጊዜ ያህል ከተደጋገመ በኋላ የተሰጠው ምላሽ ቁጥሩን አብዝተህ ስትሠራው ራሱ ይገባሃል የሚል ነበር። እንግዲህ አምሳ ፑሽ አፕ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

ካኖ ግን መጠየቁን አልተወም። አብሮት የሚማር ፉኩሺማ የሚባል ከባድ ሰው ነበር፤ በልምምድ ሊረታው አልቻለም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ገባ። የሱሞን ዘዴዎች መረመረ፤ ያ ሳይሠራለት ሲቀር የምዕራባውያንን ትግል ወደሚያስረዱ መጻሕፍት ተሻገረ። በመጨረሻ ተቃዋሚን በትከሻ ላይ ጭኖ የመጣል ስልት አገኘና ፉኩሺማን ጣለው። ዛሬ በጁዶ ካታ ጉሩማ የሚባለው ይህ ነው። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ልብ በሉልኝ፤ አንድ ታላቅ የማርሻል አርት ሊቅ አንዱን ቴክኒኩን ያገኘው በንባብ ነው።

በ1882 ካኖ በቶኪዮ በሚገኘው ኤይሾጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ አሥራ ሁለት ምንጣፍ በሚያነጥፍ ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ዋናው ግኝቱ የመጣው ግን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ኢኩቦ ጹኔቶሺ የተባሉት የኪቶ ርዩ መምህሩ ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ ቢሆንም ሁልጊዜ ይጥሉት ነበር። አንድ ቀን ግን ካኖ ደጋግሞ ጣላቸው። እርሳቸው በነገሩ ተገርመው ሲጠይቁት፣ ሰውን ከመጣል በፊት ሚዛኑን ማናጋት እንደሚያስፈልግ ማስተዋሉን ነገራቸው። መምህሩም ከእንግዲህ የማስተምርህ የለም አሉት።

ከዚህ ማስተዋል የተነሣ ካኖ እያንዳንዱን አጣጣል በሦስት ደረጃ ከፍሎ ያስረዳል። የመጀመሪያው ኩዙሺ ነው፤ የተቃዋሚን ሚዛን ማናጋት። ሁለተኛው ጹኩሪ ነው፤ የራስን ሰውነት ለመጣል በሚመች ቦታ ማግባት። ሦስተኛው ካኬ ነው፤ መጣሉን መፈጸም። ከሩቅ የሚያይ ተመልካች የሚያስተውለው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ጀማሪ ተማሪም ከሦስተኛው ይጀምራል፤ ስለዚህም በጉልበት ይታገላል፣ ይደክማል፣ አይሳካለትም።

የነገሩ ምክንያት ከፊዚክስ የራቀ አይደለም። የቆመ ሰው የማይወድቀው ከሰውነቱ የክብደት ማዕከል ወደ መሬት የሚወርደው መስመር በሁለት እግሮቹ መካከል ባለው ስፋት ውስጥ እስካረፈ ድረስ ነው። መስመሩ ከዚያ ስፋት ሲወጣ ሰውየው ወይ መራመድ ወይ መውደቅ ግድ ይሆንበታል። ያችን ቅጽበት ጠብቆ መራመጃ እግሩን መከልከል፤ ብዙዎቹ የጁዶ የእግር ስልቶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ካኖ ሐሳቡን በቁጥር ያስረዳ ነበር። የተቃዋሚዬ ጉልበት አሥር፣ የእኔ ሰባት ይሁን። ሲገፋኝ ብገፋው እሸነፋለሁ። ሲገፋኝ ወደ ኋላ ብሸሽለት ግን የገፋበት ኃይል ራሱን ወደ ፊት ያዘነብለዋል፤ በዚያች ቅጽበት ሊጠቀምበት የሚችለው ጉልበት ወደ ሦስት ይወርዳል። የእኔ ሰባት እንዳለ ነው፤ ግማሹ ብቻ ይበቃኛል።

ካኖ አዲስ አጣጣል ከመፍጠሩ ይልቅ ለነበሩት አጣጣሎች ጥያቄያቸውን መመለሱ ይበልጣል እላለሁ። ጥያቄው «ከእኔ የሚበረታ ሰው ያለ ጉልበቴ እንዴት ይወድቃል?» የሚል ነበር። ይህን የተረዳ ተማሪ መምህሩ ያላሳየውን ስልት እንኳ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ሁለት፦ ጥያቄው እንዴት ይጠፋል?

አሁን ወደዚያ ወገብ ላይ ወደ ተቀመጠው ቡጢ ልመለስ። ካራቴ የተወለደው በኦኪናዋ ደሴት ነው። እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ የሚሰጠው በግል ነበር፤ አንድ መምህር፣ ጥቂት ተማሪዎች፣ ብዙ ዓመታት። በ1901 አንኮ ኢቶሱ የተባለ መምህር ካራቴን ወደ ኦኪናዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስገባ። ለልጆች እንዲመችም ፒናን የተባሉትን አምስት ካታዎች አዘጋጀ። ካታ ማለት በቅደም ተከተል የተቀናበረ የእንቅስቃሴ ድርድር ነው፤ የቴኳንዶ ተማሪዎች ፑምሴ የምትሉት ዓይነት።

እዚህ ላይ ለመምህራን ሁሉ የሚታወቅ ችግር ተፈጠረ። ለሦስት ሰው ይሰጥ የነበረ ትምህርት ለብዙ ሰልፈኛ ልጅ መሰጠት ጀመረ። ለሕፃናት የክንድ መጠምዘዝ፣ የጉሮሮ መያዝ፣ የመገጣጠሚያ መስበር አይሰጥም፤ ተገቢም አይደለም። ስለዚህ የእንቅስቃሴው ቅርጽ ተጠብቆ ትርጉሙ ወደ ጎን ተተወ። ዓላማውም ጤናና ሥርዓት ሆነ። ኢቶሱ ራሱ ይህን አደጋ ሳያውቀው አልቀረም፤ በ1908 በጻፈው ባለ አሥር ነጥብ ደብዳቤ ላይ ተማሪው የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ትርጉምና የሚውልበትን ሁኔታ እንዲመረምር ይመክራል። ምክሩ ግን ከሰልፉ ቁጥር ጋር እኩል አልተጓዘም። በ1922 ጊቺን ፉናኮሺ ካራቴን በቶኪዮ ካሳየ በኋላ ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ ክበቦች ተስፋፋ፤ ከዚያም ወደ ዓለም ሁሉ ወጣ። እኔ በቆምሁበት አዳራሽ የደረሰውም ቅርጹ ነበር።

ታዲያ እጁ ለምን ወደ ወገብ ይመለሳል? በየማሠልጠኛው የሚሰጠው የተለመደ መልስ «የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው፤ አንዱ እጅ ወደ ኋላ ሲሳብ ሌላው በዚያው ልክ ኃይል ያገኛል» የሚል ነው። መልሱ የሳይንስ ልብስ ስለ ለበሰ ያሳምናል። ነገር ግን ሦስተኛው ሕግ የሚናገረው ሁለት አካላት እርስ በርሳቸው ስለሚያሳድሩት ኃይል ነው፤ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ስለ ተሳበ ሌላው ክንድ ኃይል ያተርፋል አይልም። ደግሞም ዓይናችንን ገልጠን እንይ። በቡጢ መምታት ኑሯቸው የሆነ ቦክሰኞች የማይመታውን እጃቸውን አገጫቸው አጠገብ ያኖሩታል እንጂ ወደ ወገባቸው አያወርዱትም። ወገብ ላይ ማኖሩ ለምት ኃይል ቢጠቅም ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን ሳያውቁት አይቀሩም ነበር።

የተሻለው መልስ ከራሱ ከፉናኮሺ ጽሑፍ ይገኛል። በጃፓንኛ ሂኪቴ የሚባለው ይህ «ሳቢ እጅ» የተቃዋሚን እጅ ይዞ፣ እየጠመዘዘ ወደ ራስ በመሳብ ሰውየውን ሚዛን ለማሳጣት ነው። አሁን ሥዕሉን አስተካክለን እንየው። ወደ ወገብ የሚመለሰው እጅ ባዶ አይደለም፤ የሰው አንጓ ይዟል። የተያዘው ሰው ወደ ፊት ተስቧል፤ ክንዱ ታስሯል፤ ፊቱ ወደሚመጣው ቡጢ ይሄዳል። «ፊታችንን ማን ይጠብቅልናል?» ለሚለው የልጅነት ጥያቄዬም መልሱ እዚያው አለ። የተቃዋሚው እጅ በእጄ ነው፤ ሚዛኑም ተናግቷል። ካኖ በጁዶ ያገኘው መርሕ በካራቴ እጅ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ያው እንቅስቃሴ በእጄ ላይ ተለወጠ። ቀድሞ እጄን ወደ ወገቤ አስቀምጥ ነበር፤ አሁን እስባለሁ። ቀድሞ ርቀቴ የክንድ ርዝመት ነበር፤ አሁን ልይዘው እስከምችል እቀርባለሁ። ቅርጹ ያው ነው፤ ርቀቱ፣ ጊዜውና ኃይሉ ግን ሌላ ነው።

ሦስት፦ ምክንያት ሁሉ የጦር ሜዳ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። ምክንያት ፍለጋ የጀመረ ሰው ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጥንታዊ የጦር ሜዳ ታሪክ ሊፈጥርለት ይከጅላል። በቴኳንዶ ማሠልጠኛዎች የሚነገረውን አንድ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ የዝላይ እርግጫ የተፈጠረው ፈረሰኛን ከፈረሱ ላይ ለመጣል ነው ይባላል። ታሪኩ ያምራል። ነገር ግን ዛሬ የምናውቀው ቴኳንዶ የተቀናበረው ከ1945 በኋላ ነው፤ ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ በጃፓን ካራቴ የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ስሙም የወጣለት በ1955 ነው። በዚያ ዘመን በጎራዴ የሚመጣ ፈረሰኛ የሚያሰጋው ሰው ማን ነበር? የዝላይ እርግጫ ቅልጥፍናን፣ ድፍረትንና የአካል ብቃትን ያሳያል፤ ይህም በቂና የተከበረ ምክንያት ነው። የውሸት ፈረስ አያስፈልገውም።

አንዳንዴ ምክንያቱ የውድድር ደንብ ነው። በለንደን ኦሊምፒክ በ2012 ቴኳንዶ በኤሌክትሮኒክ የደረት መከላከያ ነጥብ መቁጠር ጀመረ። ነጥብ ሰጪው ዳኛ ብቻ ሳይሆን በእግር ሸራውና በደረት መከላከያው መካከል ያለው ግንኙነትም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተወዳዳሪዎች የፊት እግራቸውን አንሥተው እንደ ጎራዴ ሲሰብቁት፣ በአንድ እግር እየዘለሉ ሲጠባበቁ ታያላችሁ። አንጋፋዎቹ ያዝናሉ፤ ወጣቶቹ ግን ተገቢውን ነገር አድርገዋል፤ ለአዲስ ጥያቄ አዲስ መልስ ሰጥተዋል። በጁዶም እንዲሁ ነው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2010 የተቃዋሚን እግር በእጅ በቀጥታ መያዝን ገደበ፤ በ2013 ጭራሽ ከለከለው። ያ ካኖ በቤተ መጻሕፍት ያገኘው የትከሻ አጣጣል እንኳ እግር ሳይያዝ እንዲሠራ ሆኖ መለወጥ ነበረበት።

እንግዲህ ተማሪ «ይህ ለምን?» ሲል ቢያንስ አራት ዓይነት መልስ ሊኖር ይችላል፤ ለፍልሚያ፣ ለውድድር፣ ለአካል ግንባታ፣ ወይም ለሥርዓትና ለውበት። ስህተቱ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ነው። ለነጥብ የተፈጠረን እርግጫ ለጨለማ መንገድ መከላከያ ነው ብሎ ለአንዲት ወጣት የሚያስተምር ሰው የሐሰት ዋስትና ሸጦላታል።

አራት፦ የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ

እስካሁን ያልሁት ሁሉ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለዚህ ወደ ከበደኝ ክፍል ልግባ።

ከዓመታት በፊት ለጀማሪ ተማሪዎች የጁዶ መግቢያ እሰጥ ነበር። ጁዶ የሚጀምረው ከአወዳደቅ ነው፤ ተማሪው በጀርባው ሲወድቅ ክንዱንና መዳፉን ምንጣፉ ላይ እንዲመታ ይሠለጥናል። እኔም እንደ ተማርሁት አስተማርሁ። በአንድ ድምፅ «ጧ!» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ ውጤት የምሰጠውም በድምፁ ጥራት ነበር። አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ተማሪ ኦሶቶ ጋሪ በተባለው፣ እግርን ከኋላ ጠርጎ ሰውን በጀርባው በሚጥለው ስልት ተጣለ። ክንዱ ያሰማው ድምፅ ግሩም ነበር። ነገር ግን ራሱ ወደ ኋላ ተወርውሮ ማጅራቱ ምንጣፉን መታ። ለብዙ ደቂቃ አንዱን ጥያቄ እየደጋገመ ይጠይቀን ነበር። ሐኪም ቤት ሁለት ሌሊት በክትትል አደረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኖ ትምህርቱን ጨረሰ።

እኔ ግን በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ማስተማሬን መረመርሁ። ድምፁን አስተምሬአለሁ፤ ምክንያቱን አላስተማርሁም። ክንድ ምንጣፉን የሚመታው የውድቀቱ ኃይል በሰፊ ቦታ ላይ እንዲሰራጭና ጀርባ ብቻውን እንዳይሸከመው ነው። ከሁሉ በላይ ግን አወዳደቅ ማለት የራስ ጥበቃ ነው፤ አገጭ ወደ ደረት ይገባል፣ ዓይን ወደ ቀበቶ ይመለከታል፣ ራስ ምንጣፉን ጨርሶ አይነካም። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ በነፃ የሚወድቅ ነገር መሬት ሲደርስ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ይኖረዋል። ራስ በዚህ ዓይነት ፍጥነት ተወርውሮ በድንገት ሲቆም አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ይናወጣል፤ አንጎልን ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ስስ ደም መላሾች ሊበጠሱ ይችላሉ። ደም በውስጥ ሲፈስ ከውጭ አይታይም። ምንጣፉ ለስላሳ መሆኑ ይህን ሁልጊዜ አያስቀርም።

ይህ የእኔ ክፍል ችግር ብቻ እንዳልነበረ በኋላ አነበብሁ። የጁዶ አገር በሆነችው በጃፓን ከ1983 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ከትምህርት ቤት ጁዶ ጋር በተያያዘ ከ100 በላይ ተማሪዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በራስ ጉዳት ነው፤ ጀማሪዎች በብዛት ነበሩባቸው፤ ኦሶቶ ጋሪም ደጋግሞ ይጠቀሳል። በ2012 ማርሻል አርት በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሲሆን ጉዳዩ የአገር መነጋገሪያ ሆነ፤ የደኅንነት መመሪያዎችም ተጠናከሩ። እነዚያ ልጆች አወዳደቅ አልተማሩም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ቅርጹን ሳይማሩ አይቀሩም። ቅርጽን መማር ግን ቅርጹ የተሠራለትን ነገር ከመጠበቅ ጋር አንድ አይደለም።

ስለዚህ «ምክንያቱን ማስረዳት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው» የሚል አሠልጣኝ ሲያጋጥመኝ ያን ተማሪ አስታውሳለሁ። ምክንያቱን የሚያውቅ ተማሪ ክንዱን ማሳረፍ ቢረሳ እንኳ አገጩን አይረሳም።

አምስት፦ ንባብና ትርጓሜ

ከእናንተ መካከል «ሰውነት የሚማረው በድግግሞሽ ነው፤ ብዙ ማሰብ እግርን ያስራል» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ። ፉኩዳም ለካኖ የመለሱለት መልስ ባዶ አልነበረም። በውጊያ ቅጽበት ስለ ክብደት ማዕከል የሚያሰላስል ሰው ቀድሞ ይወድቃል።

ነገር ግን የእንቅስቃሴ ትምህርት ጥናት ራሱ አንድ አስደሳች ነገር ይነግረናል። ጋብሪኤሌ ቩልፍ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ተማሪ ትኩረቱን በራሱ እጅና እግር ላይ ከሚያደርግ ይልቅ እንቅስቃሴው በውጭ በሚያስከትለው ውጤት ላይ ቢያደርግ የተሻለ እንደሚማር ደጋግመው አሳይተዋል። «ክንድህን ወደ ወገብህ አምጣ» ማለት ትኩረትን ወደ ክንድ ይስባል፤ «ሰውየውን ወደ ፊት አዘንብለው» ማለት ወደ ውጤቱ ይወስዳል። ሁለተኛው አነጋገር የሚቻለው ደግሞ ምክንያቱን ለሚያውቅ መምህር ብቻ ነው። እንግዲህ ምክንያት በአእምሮ ተሸክመነው የምንዋጋበት ጓዝ ሳይሆን ዓይናችንን ወዴት እንደምናሳርፍ የሚያመለክት ነው።

ይህ ለእኛ ባዕድ ሊሆን አይገባም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጁ አስቀድሞ ፊደል ይቆጥራል፤ ዳዊትን በግዕዝ ይደግማል፤ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን ሳያውቅ። ማንም ይህን እንደ ነውር አያየውም፤ ምላስና ጆሮ መሠልጠን አለባቸውና። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በዚያ አያበቃም። ቅኔ ቤት አለ፤ ከዚያም መጻሕፍት ቤት አለ፤ ያ በልጅነት በቃል የተያዘው ንባብ ዓመታት ቆይቶ ይተረጎማል። ንባብ ያለ ትርጓሜ ጎደሎ እንደሆነ፣ ትርጓሜም ያለ ንባብ መሠረት እንደሌለው ሥርዓቱ ያውቃል። እኛ ማርሻል አርትን ስንቀበል ንባብ ቤቱን ብቻ ተቀበልን፤ ትርጓሜ ቤቱ በመንገድ ቀረ።

ከዚያ ሥርዓት ሌላም የምንማረው አለ። የአንድምታ መምህር ለአንድ ቃል አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። አንድ እንቅስቃሴም እንዲሁ ከአንድ በላይ ፍቺ ሊኖረው ይችላል። ያው ወደ ወገብ የሚመለስ እጅ የተያዘ እጅን ማስለቀቂያ ነው፤ አንድም ልብስ ይዞ መሳቢያ ነው፤ አንድም ከኋላ ለቆመ ሰው የክርን ምት ነው። ግን የአንድምታ መምህር እንዳሻው አይፈታም፤ በመስመር የተቀበለውና የሚጠየቅበት ነው። እኛም የራሳችን መጠየቂያ ያስፈልገናል። ለተማሪዎቼ ሦስት እሰጣለሁ።

የመጀመሪያው፣ ፍቺው እንቅስቃሴውን በሙሉ ያስረዳል ወይ? የቀኝ እጅን አስረድቶ ግራውን ያለ ሥራ የሚተው ፍቺ ግማሽ ነው። ሁለተኛው፣ ተቃዋሚው በእውነት ሲታገል ይሠራል ወይ? ቆሞ የሚጠብቅ ባልንጀራ ሁሉንም ፍቺ ያሠራልና። ሦስተኛው፣ ከታሪኩ ጋር ይስማማል ወይ? የፈረሰኛው ታሪክ የወደቀው በዚህ ነው። ሦስቱን ያለፈ ፍቺ እርግጠኛ እውነት ነው አልልም፤ ልናስተምረው የምንደፍረው ግን እርሱን ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፤ ዛሬ በአገራችን ከተሞች ቴኳንዶ፣ ካራቴና ውሹ የሚማሩ ልጆች በየአዳራሹ አሉ። ከዚህ ክፍል የምትመረቁ ተማሪዎች ነገ በፊታቸው ትቆማላችሁ፤ ማስተር ትባላላችሁ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እጁን ያወጣል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ግን አታውቁት ይሆናል።

በዚያች ቅጽበት ሦስት መንገድ ይኖራችኋል። ልጁን መቅጣት ትችላላችሁ፤ እኔ አድርጌዋለሁ። የኒውተንን ስም ጠርታችሁ ወይም ፈረስ ፈጥራችሁ ማለፍ ትችላላችሁ፤ ይህ ከቅጣቱ ይከፋል፤ የተቀጣ ልጅ ጥያቄው አብሮት ይኖራል፣ የተታለለ ልጅ ግን ጥያቄውንም ያጣል። ሦስተኛው «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት ነው። ክብራችሁን የሚቀንስ ቢመስላችሁ፣ ካኖ በመምህሩ ፊት ደጋግሞ እየወደቀ መጠየቁን እንዳልተወ አስቡ።

ያን የቀጣሁትን ልጅ ከዓመታት በኋላ በመንገድ አገኘሁት። ይቅርታ ጠይቄ መልሱን ልነግረው ጀመርሁ። አንጓዬን ያዘ፣ ወደ ወገቡ ሳበኝ፣ ፈገግ አለ። ለካ ከእኔ ቀድሞ ራሱ ደርሶበት ኖሯል። ደስ አለኝ፤ አፈርሁም። ከእኔ ሊያገኘው ይገባው የነበረውን ነገር ያለ እኔ አግኝቶታልና። የእናንተ ተማሪዎች ከእናንተ እንዲያገኙት እመኛለሁ።